ስኳሩ አራተኛ ፎቅ ነው

የትም ያለ መሥሪያ ቤት ቢሆን፣ ከሐኪም ቤት በተመለሰ ማግስት ራሱ ሐኪም የሚሆን አንድ ሰው አያጣም። ለእኛ የደረሱን ግን የሁሉም አለቃ ናቸው፦ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ክቡር ጋሼ ጉበት።

ስሙን ያወጣንላቸው አምና ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ "ጉበትዎ ላይ ስብ ተከማችቷል፤ ጣፋጭ ይተዉ፣ ይራመዱ፣ ክብደት ይቀንሱ" አላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ለሚስቱ ነግሮ ዝም ይል ነበር። እርሳቸው ለመሥሪያ ቤቱ በሙሉ አወጁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚሉት ፊት አይተው ሳይሆን ቦርጭ አይተው ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ተመረመርሽ?" ይሉኛል። እርሳቸው ሥር መዝገብ አውጪና መላሽ ስለሆንኩ የምሸሽበት የለኝም።

"ደህና ነኝ እኮ ጋሼ፣ ምንም አላመመኝም።"

"እኔንስ መቼ አመመኝ? ጉበት እንደሆነ አይናገርም።"

ይህችን ቃል ጆሯችን እስኪደነቁር ሰማናት። አንዴ ሥራ አስኪያጁ የዓመቱን ዕቅድ አንብበው "ጥያቄ ያለው?" ቢሉ፣ ጋሼ ጉበት ከመቀመጫቸው ተነሥተው "የወገብዎ ልክ ስንት ነው?" አሏቸው። ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን ቆለፉ።

ትዕግሥታችንን ያስጨረሰው ግን የስኳሩ ነገር ነው። ሻይ የሚፈላው ምድር ቤት፣ እኛው ዘንድ ነው። አንድ ጠዋት የስኳሩ ቆርቆሮ የለም። ጋሼ አራተኛ ፎቅ አውጥተው፣ አሮጌ መዝገቦች ያሉበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውታል። "አልከለከልኩም፤ የፈለገ በእግሩ ወጥቶ ይጨምር" አሉ። ሻያችንን ይዘን ስንደርስ ቀዝቅዞ እናገኘዋለን። ለሥራ አስኪያጁ ከሰስናቸው። ሥራ አስኪያጁም ነገሩን ሊያጣሩ በደረጃው ወጥተው፣ ሲያለከልኩ ሰው ስላያቸው፣ ክሱ ተዘጋ።

እኔ ግን ልቤ በግኖ ቆርቆሮውን ላወርድ ተነሣሁ። ስወጣ ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ጋሼ የማስታወቂያ ሰሌዳ ያነባሉ። ቆርቆሮውን ይዤ ስመለስም እዚያው ናቸው። የሚያነቡት ስለጠፋ ጃንጥላ ነው። ጃንጥላው የእኔ ነበር፤ ከተገኘ ስድስት ወር ሆኖታል፣ ወረቀቱን ማንሣት ረስቼ ነው። እጃቸው የደረጃውን መደገፊያ ጭምድድ አድርጎ ይዟል።

"ጋሼ፣ አመመዎት?"

"ቢያመኝማ ሰው ያምነኝ ነበር። ድካም ነው ልጄ። እንቅልፍ ጠግቤ ስነሣ፣ ድንጋይ ሲሸከም ያደረ ሰው ነኝ። ሰዉ ግን 'ተስማምቶሃል' ይለኛል።" ትንሽ ተነፈሱ። "ልጄ ወልዳለች። ቤቷ አምስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሁለቴ ሞክሬ ሁለተኛው ላይ ቀረሁ። ሕፃኗን ታች አውርደው አሳዩኝ። አያት ሆኜ የልጄን በር ማንኳኳት አቃተኝ።"

"ታዲያ ስኳሩን ለምን አወጡት?"

"እዚህ እየተለማመድኩ ነው። ደረጃው ጭር ይላል። ሰው ሲወጣ ሲወርድ ስሰማ ጉልበት ይሰጠኛል።"

ያን ሁሉ ጊዜ ስንስቅባቸው፣ እርሳቸው እያንዳንዷን ደረጃ ከገዛ ሰውነታቸው ጋር ተሟግተው ነበር የሚወጧት። አንጀቴን በሉት። ቆርቆሮውን መልሼ ወደ ላይ ወሰድኩት።

ባለፈው ሰኞ ጋሼ ጉበት ዘግይተው ገቡ። የማንንም ቦርጭ አላዩም። ቀጥ ብለው እኔ ጠረጴዛ አጠገብ መጡና "በየፎቁ አረፍኩ፣ ግን አንኳኳሁ" አሉኝ። ከዚያ መዝገባቸውን ከፈቱ።

እኔ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ከለመድኩ ሦስት ወር አልፎኛል። ቢሆንም በየቀኑ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ከጋሼ ጋር ጎን ለጎን ቆመን ስለ ጃንጥላዬ መጥፋት ረጋ ብለን እናነባለን። ወረቀቱን እስካሁን አላነሣሁትም።