ሽምግልና ሄጄ የሳቅኩ ዕለት

ሰው ሁለት ቦታ ላይ መሳቅ አይፈቀድለትም፤ አንዱ ለቅሶ ቤት ነው፣ ሌላው ሽምግልና። ለቅሶ ቤት እንኳ ትንሽ ይሻላል። ሳቅ ቢያመልጥህ «ጥርስ ባዳ ነው» ብለው ያልፉሃል፤ ኀዘንተኛው ራሱ በሦስተኛው ቀን ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሽምግልና ላይ ግን ምሕረት የለም። የሰው ልጅ ልትለምን ሄደህ፣ ጋቢ አጣፍተህ፣ በሰው ሳሎን መሐል ቆመህ ብትስቅ ምን ይባላል? ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። አድርጌው ነው።

ነገሩ የሆነው ስልክ ሁሉ ባለ ቁልፍ በነበረበት ዘመን ነው። የዛሬ ሰው አስቂኝ ቪዲዮ ሲያገኝ በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ ለመቶ ሰው ይልካል፤ ከመቶውም ቢጫ ፊት ይመለስለታል። በቃ፣ ሳቁ ይኸው ነው። ማን ከልቡ እንደ ሳቀ፣ ማን ሳያይ እንደ መለሰ አይታወቅም። ያኔ ጅማ ውስጥ ሳቅ በእንዲህ ያለ ርካሽ ዋጋ አይገኝም ነበር።

ደረጄ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። ኪቶ ፉርዲሳ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ይሠራል። እኔ ደግሞ ከተማ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበርኩ። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ሐጂ ሙክታር ግቢ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ደረጄ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ቦታው ይገባና አንድ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ማውረድ ይጀምራል። ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። መብራት ከጠፋ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ቪዲዮው በፍላሽ ተይዞ ሲመጣ ግን ግቢው እንደ ቅርጫ ሥጋ ዙሪያውን ከቦ ይጠብቀዋል።

«ብሉቱዝህን ክፈት» ማለት ያኔ ከሰላምታ አይተናነስም ነበር። ስልኮቹን አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስተኝተን እንደ አራስ እንጠብቃቸዋለን። አንድ ጊዜ ለጎረቤታችን ለአናጢው ስልክለት ሰማንያ ከመቶ ላይ ሲደርስ ሥራ ረፈደብኝ ብሎ ስልኩን ይዞ ተነሣ። ሌላ ምን አማራጭ አለ? መጋዙን ተሸክሜለት፣ ስልኬን ከስልኩ አስጠግቼ፣ እስከ ጅማው መርካቶ ሸኘሁት። መንገድ ላይ ያየን ሰው እጅ ለእጅ የተያያዝን መስሎት «ታርቃችሁ ነው?» አለን።

ከእነዚያ ሁሉ ቪዲዮዎች አንዱ ግን የተለየ ነበር። ስም የለውም፤ ፋይሉ ላይ ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈው። ተዋናዮቹ የየት አገር ሰዎች እንደ ሆኑ አናውቅም፣ ቃልም አይተነፍሱም። አንድ ባለ ሱፍ ሰውዬ ሌላው ባለ ሱፍ ቤት እንግድነት ይሄዳል። ቤት ውስጥ ያለችው ወንበር አንዲት ናት። ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ በምልክት «ይቀመጡ» ይለዋል፤ እንግዳው ይበልጥ ጎንበስ ብሎ «የለም፣ እርስዎ» ይላል። እንዲህ እየተጎነበሱ ግንባራቸው ጉልበታቸውን ሊነካ ሲደርስ የቤቱ እመቤት ከጓዳ ትመጣና፣ እነሱን ልብ ሳትላቸው፣ ወንበሯን አንሥታ ትሄዳለች። በዚያችው ቅጽበት ሁለቱም «እሺ፣ ልቀመጥ» ብለው ይወስናሉ፤ ቁጭ ሲሉ ወለሉ ይቀበላቸዋል። አለቀ። ምስሉ ጥራት ስለሌለው የሰዎቹ ፊት እንደ በቆሎ እሸት ፍሬ ፍሬ ይላል፤ ቢሆንም ሃያ ጊዜ አይተን ሃያ ጊዜ ስቀናል።

እንግዲህ ደረጄ ሰናይት የምትባል ልጅ ወደደ። አጋሮ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አባቷ አቶ አያሌው በወጣትነታቸው ከሸዋ ተዛውረው መጥተው እዚያው አጋሮ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸው፣ ሰናይትና እትዬ ወርቄ የሚባሉ እህታቸው ናቸው። ሰውየው ሲስቁ ያየ ሰው አጋሮ ውስጥ የለም ይባላል። ደረጄ ዘመዶቹ ሩቅ ስለሆኑ ሽማግሌ እንዲሆኑለት የለመነው ሐጂ ሙክታርን፣ የሰፈራችንን የዕድር ሊቀ መንበር አቶ ተፈራንና አንድ ሌላ አዛውንት ነበር። አዛውንቱ በዋዜማው ወገባቸውን ያዛቸው። ሐጂም «ሦስት ካልሆነ ሽምግልና አይሆንም» አሉና ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ። የሃያ ሰባት ዓመት ሽማግሌ ሆንኩ። ጋቢ ተዋስኩ፤ ምርኩዝ እንኳ አምሮኝ ነበር።

ጠዋት ልንሄድ ስንል ደረጄ ጭንቀት ሊገድለው ደረሰ። «እስቲ ያቺን ቪዲዮ አንዴ ልያት፣ ልቤ ይረጋጋልኛል» አለኝ። አየናት። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

የሽምግልና ወግ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት አይቀመጥም። አቶ አያሌው በር ላይ ተቀበሉንና «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ። ሐጂ ሙክታር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «የመጣንበትን ሳይሰሙን አንቀመጥም» አሉ። አቶ አያሌው «ግድ የለም፣ ተቀምጣችሁ ተናገሩ» አሉ። ሐጂ ትንሽ ጎንበስ ብለው «እርስዎ ቆመው እኛ?» አሉ። አቶ አያሌው እሳቸውም ጎንበስ አሉ።

እኔ ጥርሴን ነከስኩ። ግድግዳ አየሁ፤ የሞተ ዘመድ ሁሉ አስታወስኩ። ይህን ጊዜ እትዬ ወርቄ ከጓዳ ብቅ አሉና ለውጪ እንግዳ ነው መሰለኝ፣ በሐጂና በአቶ አያሌው መካከል ያለችውን ወንበር አንሥተው ሄዱ።

የወጣው ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም። እንደ ፍየል ነበር የጮህኩት። ጋቢው ውስጥ አፌን ብቀብረውም ትከሻዬ አልታዘዘኝም። አቶ ተፈራ ጎኔን በክርናቸው ወጉኝ፤ ባሰብኝ። ሐጂ ሙክታር ቀስ ብለው «መል ጎና፣ ምን እናድርግ፣ ልጅ ነው» አሉ።

አቶ አያሌው ቀና ብለው አዩኝ። ሳቄ ሞተ። 

«ልጄ» አሉኝ፣ «የሳቅከው በእኔ ነው ወይስ በቤቴ?»

«አይደለም ጋሼ።»

«ያሳቀህን ተናገር እንግዲህ።»

መዋሸት ይቻል ነበር? ሠላሳ ዓመት ውሸታም ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቪዲዮ ትዝ ብሎኝ ነው አልኩ። የታለ አሉ። ስልክ ውስጥ ነው አልኩ። እጃቸውን ዘረጉ።

ስልኬ ድምፁ ሰፈር የሚቀሰቅስ የቻይና ስልክ ነው። አቶ አያሌው መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ሐጂና አቶ ተፈራ በግራና በቀኝ ቆሙ። ሦስት የተከበሩ ራሶች ከክብሪት ቀፎ ትንሽ በሚበልጥ መስኮት ላይ ተጋጠሙ። ቪዲዮው ላይ ከበስተጀርባ የሚስቁ ሰዎች ድምፅ አለ፤ ሳሎኑን ሞላው። እነዚያ ሲስቁ የእኛዎቹ እንደ ችሎት ጸጥ ብለው ያያሉ።

ሲያልቅ አቶ አያሌው «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ።

«ይህ እንግዳ የመጣበት ጉዳይ ምንድን ነው?»

ጉዳይ የለውም አልኳቸው።

«ያለ ጉዳይ ሰው ቤት ይኬዳል? ሴትዮዋስ ወንበሩን ስትወስድ ማስፈቀድ የለባትም?»

«አላየቻቸውም፣ ጋሼ። የሚያስቀው እሱ ነው።»

ቀልድ ለዳኛ ማስረዳት ምን ማለት እንደ ሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም። ባስረዳሁ ቁጥር ቀልዱ ከእጄ ላይ እየሞተ ይሄዳል። በመጨረሻ «እነዚህ የሚስቁት እነማን ናቸው?» አሉኝ። ተመልካቾች ናቸው፣ አይታዩም እንጂ ተቀምጠው እያዩ ነው የሚስቁት አልኩ። ትንሽ አሰቡ።

«እነሱ ወንበር አላቸው ማለት ነው» አሉ፤ ፊታቸው ላይ አንዲት መስመር ሳትንቀሳቀስ።

ስልኬን መለሱልኝ። የመጣንበትን ሰሙና «ከልጅቷና ከዘመድ ልምከር፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» ብለው ቀጠሮ ሰጡን። በመኪና ተመለስን። ሐጂ ጅማ መግቢያ ላይ ስንደርስ ራሳቸውን ነቅንቀው «ሱብሃነላህ» አሉ።

ደረጄ ሲሰማ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። በሩን ዘጋ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ከአንድ ቧንቧ ውኃ እየቀዳን፣ አንድ ቃል አላወጣልኝም። ቪዲዮ ይዞ መምጣትም አቆመ። ቅዳሜ ሲመጣ አናጢው ስልኩን ይዞ ብቅ ይልና የሁለታችንን በር አይቶ ይመለሳል። እኔም ቪዲዮዋን አጠፋኋት። የጓደኛን ትዳር ያፈረሰ ሰው ምን ብሎ ይስቃል?

በቀጠሮው ቀን በእኔ ፋንታ ጸጉራቸው ነጭ የሆነ፣ ሳቅ የሚባል የማያውቃቸው አዛውንት ተይዘው ተሄደ። እኔ ቤቴ ደጃፍ ላይ ልብስ አጥባለሁ። ወደ አራት ሰዓት ገደማ አቶ ተፈራ ደወሉ። «ና» አሉኝ። «አቶ አያሌው ‹ያ ልጅ ካልመጣ ጉዳዩን አልሰማም› ብለዋል። እኛ ደግሞ ካልሰሙን አንቀመጥም ብለናል። ቆመናል፣ ፍጠን።»

ሚኒባሱ እስኪሞላ፣ መንገዱ እስኪያልቅ፣ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ስገባ አቶ ተፈራ ግድግዳ ተደግፈዋል፤ አዲሱ አዛውንት ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሐጂ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው የበሩ ደፍ ላይ አረፍ ብለዋል፤ «ደፍ ወንበር አይባልም» ብለው ራሳቸው ፈርደው። አቶ አያሌውም ቤታቸው መሐል፣ እንግዳ ቆሞ አልቀመጥም ብለው፣ ሁለቱን ሰዓት አብረው ቆመዋል።

ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ባለፈው ስትስቅ ተቆጥቼ ነበር» አሉ። «በእኔ የመጣ መስሎኝ። ከዚያ ስልክህን ይዤ ስጠይቅህ ከጓዳ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሰናይት ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። የሳቀችው በፊልሙ አይደለም፣ ከጓዳ አይታይም። በእኔ ነው የሳቀችው፤ በጥያቄዬ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማታውን ራት ላይ ‹ወንበሩን ሳታስፈቅድ ወሰደችው እኮ› አልኳት። ምግቡ ትን አላት። እኔም... ብቻ ልጁ እንዲህ ያለ ጓደኛ ካለው፣ ልጄ ቤቱ ገብታ የምታለቅስ አይመስለኝም። ሰጥቻለሁ። አሁን ስለ ፈጠራችሁ ተቀመጡ።»

አንድ ላይ ነው የተቀመጡት። እኔ ግን ያን ጊዜ አልሳቅኩም፤ ጋቢዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ ነበር።

ደረጄ ማታውን በሬን አንኳኳ። «ብሉቱዝህን ክፈት» አለኝ። የላከልኝ ያችኑ ነበር።

ሠርጉ ላይ አቶ አያሌው ምርቃት እንዲሰጡ ተነሡና፣ ከምርቃቱ በፊት «አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ» ብለው ያንን የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተረኩት። እንግዳውን አንደኛ ተከሳሽ፣ ባለቤቱን ሁለተኛ ተከሳሽ፣ ወንበሯን ኤግዚቢት አሏት። ድንኳኑ ተናወጠ፤ ሰው ሁሉ የጎረሰው አፉ ውስጥ ቀረ። እሳቸው ፈገግ አላሉም። ከዚያ በኋላ አጋሮ ውስጥ ለቅሶም ሠርግም አይቀራቸውም፤ በየሄዱበት «ጋሼ፣ ያቺን የወንበር ጉዳይ» ይባላሉ። በየጊዜው አንድ ምስክር ይጨምሩበታል። ደረጄና ሰናይት አሁን ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሁለቱም አያታቸው ሲተርኩ ነው ያደጉት።

ኋላ ስልኩ ሁሉ በጣት የሚዳሰስ ሲሆን፣ ሥራ ፈትቼ ስፈልግ፣ ያንን ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። ሙሉው፣ መጀመሪያው ያልተቆረጠ፣ ጥርት ያለ፤ የሰዎቹ የሱፍ ቁልፍ እንኳ ይቆጠራል። ለደረጄ ላክሁለት፤ ቢጫ ፊት መለሰልኝ። ቢጫ ፊት አልበቃኝም። በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ አጋሮ ሄድኩና አቶ አያሌው ፊት አቀረብኩላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው እስከ መጨረሻው በጥንቃቄ አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ግልባጭ ነው» አሉኝ፤ «ዋናው እኛ ዘንድ ነው።»