እዚህ ሲያፏጭ እዚያ ይጨሳል

ፋብሪካ ባለበት ከተማ ሁሉ ብክነት ሲያይ ደሙ የሚፈላ አንድ ሰው አይጠፋም። መብራት ያጠፋል፣ ቧንቧ ይዘጋል፣ ሙቀት እንዳይወጣ ብሎ በር ሲገፋ ያንተ ጣት መሐል ቢገባ ግድ የለውም። ለእኛ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የደረሱን ክቡር ጆሮ ነበሩ።

እውነተኛ ስማቸው የሚገኘው በደመወዝ መዝገብ ላይ ብቻ ነው። የጥገና ክፍል ሽማግሌ ናቸው። የሳሙና አረፋ የሞላ ጣሳና የቀለም ብሩሽ ይዘው፣ የታመቀ አየር በሚያልፍባቸው ቧንቧዎች ሥር ጆሯቸውን ደግነው ይዞራሉ። "እስስስ" የሚል ነገር ከሰሙ አለቀ! አረፋ ይቀቡታል፤ አረፋው ካበጠ ጣታቸውን ወደ ጭስ ማውጫው ቀስረው ይጮሃሉ፦ "እዚህ ሲያፏጭ እዚያ ይጨሳል!" አየር ካመለጠ አየር የሚያምቀው ኮምፕረሰር በከንቱ ይሮጣል፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይልሳል፣ ከተማው ይጠቁራል። ይህን ትምህርት ያልሰማ ሠራተኛ የለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሰማም የለም።

አንድ ቀን ምክትል ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ንግግር ሲያረዝሙ "እስስስ" ተሰማ። ክቡር ጆሮ ብሩሻቸውን ይዘው ብድግ! ግድግዳውን አዳመጡ፣ ጠረጴዛውን አዳመጡ፣ መጨረሻ ላይ ምክትሉ ፊት ቆሙ። የሚያፏጨው አፍንጫቸው ኖሯል።

"ይሄስ የኔ ሥራ አይደለም፤ ሐኪም ይዩት" ብለው ተቀመጡ።

እኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ። ክፍሌ እንፋሎት ከሚያፈላው ቦይለር ጋር ግድግዳ ትጋራለች፤ መስኮት የላትም፤ ከቀትር በኋላ ወረቀቱም ያልበዋል። ታዲያ ምን ላድርግ? ከመደርደሪያው ጀርባ በምታልፈው ቧንቧ ላይ ያለችውን ብሎን በመቀስ ጫፍ ላላ አደረግኋት። ቀዝቃዛ አየር ማጅራቴን ሲነካኝ፣ እሰይ! "ቧንቧ የነካ ይባረራል" የሚለውን ማስታወቂያ ማህተም መትቼ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። የምጦራት እናት አለችኝ። ስለዚህ ሽማግሌው ብቅ ሲሉ ሬዲዮ እከፍታለሁ።

"አንቺ ልጅ፣ ሬዲዮሽ ደግሞ ደስ ሲል!" ይሉኝና ይሄዳሉ።

አንድ ጠዋት ብሎኗ ላይ የደረቀ ሳሙና አየሁ። የጽዳቷ ሴትዮ ስትወለውል ነው ብዬ ተውኩት።

ከዓመታት በኋላ ፋብሪካዎች በዝተው ከተማው በጭስ ሲታፈን፣ ሥራ አስኪያጁ ኃይል ቆጣቢ ድርጅት ቀጠሩ። ባለሙያዎቹ ፉጨት የሚለይ መሣሪያ ጆሯቸው ላይ ሰክተው መጡና "የካርቦን ልቀት" አሉ።

"እኔስ ሃያ ዓመት ምን ስል ኖርኩ?" አሉ ክቡር ጆሮ።

ሥራ አስኪያጁ ፈረዱ፦ ሽማግሌው የሚያቀርቡት የሚያፏጩ ቦታዎች ዝርዝር መሣሪያው ከሚያገኘው ካላነሰ የአዲሱ የኃይል ቁጠባ ክፍል ኃላፊ ይሆናሉ፤ ካነሰ ጡረታ ይወጣሉ። ሰውዬው ያንን ወንበር ዕድሜያቸውን ሙሉ ነው የተመኙት። ለዚያ ቀን ከረባት አሰሩ።

መሣሪያው አርባ አንድ አገኘ። የክቡር ጆሮ ወረቀት አርባ ይላል። የጎደለችው የኔዋ ናት።

"ማነው የፈታው?" አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ክፍሌ መሐል ቆመው። አፌን ከፈትኩ። የእናቴ ፊት ድቅን አለብኝና መልሼ ዘጋሁት። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

"ማንም አልፈታውም፤ በንዝረት ላልቶ ነው" አሉ ክቡር ጆሮ። "እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ጆሮም ያረጃል እኮ፣ ጌታዬ።"

ሁሉም ሲወጡ እንባዬ ቀደመኝ። "ጋሼ፣ ያ ሳሙና የርስዎ ነበር?"

"እኔ ስመጣ ብቻ ዘፈን የሚያምራት ልጅ ምን ደብቃ ነው ብዬ ነዋ! አንድ ቀን ሳትኖሪ ገባሁ። ልዘጋት ስል ወንበርሽ ላይ ትንሽ አረፍ አልኩ።" ግንባራቸውን በከረባቱ ጠረጉ። "ይሄ ክፍል ሰው አይቀመጥበትም፣ ልጄ። እሳት ነው።"

ካቻቢቴ አቀበሉኝ። "በይ አሁን ዝጊያት።" አጠበቅኋት። ፉጨቷ ቀጠነች፣ ቀጠነችና ጠፋች።

በሽኝታቸው ቀን ምን ስጦታ እንደሚፈልጉ ተጠየቁ። "ለመዝገብ ቤት መስኮት" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። መስኮቱ ግን ተከፈተ።

አሁን ማጅራቴን የሚነካኝ ነፋስ ነው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ጭስ ማውጫው ይታየኛል፤ ጋሼ ይናፍቁኛል። ጭሱ ወፈር ባለ ቁጥር ሬዲዮዬን አጥፍቼ አዳምጣለሁ።