ሠርጉ፣ ሙሽራዋን ሳይጨምር

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ሐኪም ቤት ኮሪደር ወንድምና እህት ሲነጋገሩ ሰምቼ ነበር፤ ግማሹ ከአእምሮዬ ወጥቷል። በመካከላቸው አንዲት ትንሽ ልጅ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ትወዛወዛለች።

«ኦቲዝም ነው አሉኝ፣ ጋሼ።»

«መቼ ይለቃታል?»

«የሚለቅ አይደለም። አብሯት የተፈጠረ ነው አሉ።»

«ታዲያ ማን ያገባታል?»

እናቲቱ ምን እንደመለሰች አላስታውስም። ልጅቷ ገና የወተት ጥርሷ እንኳ አልወለቀም፤ አስተዋይ አጎት ግን ነገሩን ከወዲሁ ያስባል።

ፈጣሪ የሠራውን አይረሳምና ልጅቷ አደገች፤ በሰፈራችን ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠራዥ ሆነች። ወረቀት የሚያመላልሰው ሹፌር በሩ ላይ ክላክሱን ሲያንባርቅ፣ አንድ ቀን ወጥታ «ጆሮዬን ያመኛል» አለችው። ከዚያ ወዲያ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ፣ በእግሩ መጥቶ፣ በአንድ ጣቱ ያንኳኳ ጀመር። ያው ፍቅር መሆኑ ነው። እሷም አንድ ቀን ቢዘገይባት፣ «ሆዴን ሲያመኝ ዋለ። ርሃብ እንዳልለው በልቻለሁ፤ ስለዚህ አንተ ነህ» አለችው። በዚሁ ተግባቡ።

እንዲህ ያለ ፍቅር በዋዛ እንዳያልፍ ቤተሰቡ የሠርግ ኮሚቴ አቋቋመ። አጎትዬው በሙሉ ድምፅ ሰብሳቢ ሆኑ፤ ሌላ እጩ አልነበረምና። ሙሽራዋ የለመነችው ድምፅ ማጉያ እንዳይገባና ሰው ተሰልፎ እንዳይስማት ብቻ ነው።

«ሠርግ ያለ ድምፅ ማጉያ ቀብር ነው!» አሉ ሰብሳቢው።

«ኧረ ዘንድሮ ቀብሩም ማጉያ አለው» ብላ የሙሽራው አክስት አረመቻቸው።

ሙሽራዋን ማሠልጠን ማጉያውን ከመከልከል ይሻላል ተባለና ሳሎን ውስጥ ልምምድ ተደረገ። ማጉያው ተከፈተ፤ ዘመድ ተሰለፈ። ሦስተኛው ዘመድ ጉንጩን ሲያቀርብ ሙሽራዋ ጠረጴዛ ሥር ነበረች። ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው አይተው፣ «ከጠረጴዛው ሥር ያሳየችው መረጋጋት የሚበረታታ ነው» ሲሉ ገመገሙ።

ከዚያም ጉዳዩ በጥልቀት ታየ። ማጉያው ከአዳራሹ ጋር ይስማማል፤ አዳራሹ ከሕዝቡ ጋር ይስማማል፤ ከሁሉም ጋር ያልተስማማችው ሙሽራዋ ብቻ ሆና ተገኘች። በመሆኑም ሠርጉ በታቀደው መሠረት እንዲካሄድ፣ ሙሽራዋ ግን በተወካይ እንድትገኝ ተወሰነ። ቁመቷ ልክ፣ ፈገግታዋ የማያልቅ፣ የአክስትዬዋ ልጅ ተመረጠች። እናቲቱም እጇን አወጣች። «ሰው ምን ይላል» የሚሉት ፍርሃት አንዳንዴ ከእናት አንጀት ይበረታል።

ውሳኔውን እንዲያደርስ ሙሽራው ወደ ማተሚያ ቤቱ ተላከ።

«ለአንድ ቀን እኮ ነው፤ ቻይው» አላት።

«ለአንድ ቀን አንተ ማን ትሆናለህ?»

«ባልሽ ነኛ።»

«እሷ አጠገብ ቆመህ?»

ሹፌሩ አንድ የተጠረዘ መጽሐፍ አንስቶ አገላበጠ። እሷ ሙጫ መቀባቷን አላቆመችም።

«አልተናደድኩም፤ ፈርቼ ነው። በር የሚያንኳኳውን ሰውዬ ነበር የማውቀው። አሁን የኮሚቴውን ጩኸት ይዞ የመጣውን አላውቀውም። የማላውቀውን ደግሞ አላገባም።»

ሹፌሩ ላብ በላብ ሆኖ ወደ ኮሚቴው ተመለሰ። «ጋሼ፣ ለእኔም ተወካይ ይመደብልኝ» አለ።

ሰብሳቢው ጣሪያውን አዩ፤ አገጫቸውን አሹ። «መመሪያችን አይከለክልም» አሉ በመጨረሻ። የሙሽራው ሱፍ ልክ የሚሆነው የገዛ ልጃቸው ነበራ!

ሹፌሩና ልጅቷ ግን በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈረሙና ወደ ኪራይ ቤታቸው ገቡ። እናቲቱ አልሄደችም፤ የአዳራሽ መጋረጃ እየመረጠች ነበር።

የሠርጉ ቀን ማጉያው መስኮት አንቀጠቀጠ። እንግዳው ተወካይዋን እየሳመ በቬሉ ውስጥ አያትና ራሷ ሙሽራዋ መሰለችው፤ ከዚያም ወደ እናቲቱ ሮጠ።

«አንቺ! ድናለች እኮ ልጅሽ!»

«ዓይን ዓይኔን እያየች ሳመችኝ! ተመስገን ነው!»

እናቲቱ ለመጀመሪያዋ ፈገግ አለች። ለሁለተኛዋ ለመሳቅ ሞከረች። ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን ጨብጠው፣ «ይህ ፈውስ የኮሚቴያችን የተቀናጀ ርብርብ ውጤት ነው!» ሲሉ ግን ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ልጄ መቼ ታማ ነው የዳነችው?» ብላ ጮኸች። ማጉያ ባለበት ማን ይሰማታል? ሻርፗን ወንበሩ ላይ ትታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች።

ሹፌሩ የኪራይ ቤታቸውን በር ከፈተላት። ልጅቷ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

«ልሳምሽ?» አለች እናቲቱ። በዕድሜዋ ስትጠይቃት የመጀመሪያዋ ነው።

«አሁን አይሆንም። አጠገቤ መቀመጥ ግን ትችያለሽ።»

ተቀመጠች። ሻይ ተቀዳላት። ጥቂት ቆይቶ ልጅቷ ትከሻዋን እናቷ ትከሻ ላይ አስደገፈች። ይሄኔ ስልክ ጮኸ።

«የት ጠፋሽ? የሙሽራዋ እናት ፎቶ ቀርቷል!»

«ለእኔም ተወካይ ይመድቡልኝ፣ ጋሼ» አለችና ዘጋችው።

ኮሚቴው ኬኩ አጠገብ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። በአጭር ጊዜ ብቁ እናት ማግኘት አልተቻለም። በመጨረሻም ሰብሳቢው፣ ለወግ ያህል ጥቂት ከተግደረደሩ በኋላ፣ የእህታቸውን ሻርፕ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሙሽራዋ እናት ቦታ ፎቶ ለመነሳት ተስማሙ።