ኡስታዛ ቡሰይናና የዘይቱኑ ግድግዳ

ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ሰፈር አላህ አልፈጠረም። ለአንዱ ሰፈር ስለ ፖለቲካ የሚያስረዳ ይደርሰዋል፤ ለሌላው ስለ ጨጓራ። ለእኛ፣ በሱዳኗ ከሰላ ከተማ በጋሽ ወንዝ ዳር በፍራፍሬ ጓሮዎች መሐል ለምንኖረው፣ የደረሱን ስለ ግድግዳ የሚያስረዱ ሰው ናቸው። የቤት ግድግዳ እንዳይመስላችሁ። የካሮት ግድግዳ፣ የባሚያ ግድግዳ፣ የሎሚ ልጣጭ ግድግዳ!

ክብርት ኡስታዛ ቡሰይና የሴቶች ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበሩ። ከደመወዙ ጡረታ ወጡ እንጂ ከማስተማሩ አልወጡም። “ፍሬም ቅጠልም በዓይን ከማይታዩ ክፍሎች የተሠራ ነው፣ ልጆቼ” ይላሉ፣ ያገኙትን ሁሉ ልጆቼ እያሉ። “እያንዳንዷ ክፍል የጭቃ ቤት ናት። እንጨቱ ሴሉሎስ ነው፤ ምርጊቱ ፔክቲን። እንጨቱን ከእንጨቱ የሚያስሩ ደግሞ ሌሎች አሉ።” እዚህ ላይ ብልጥ ሴት የተከናነበችውን ቶብ ሰብሰብ አድርጋ ትነሣለች። “ሌሎቹ” ከተጀመሩ ልጅም ከእንቅልፉ ይነሣል፣ ወጥም ያርራል።

ቦታና ጊዜ አይመርጡም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት የባሚያ ወጥ ቀረበ። እሳቸው ሟችን እያነሡ፣ እያለቀሱ ሲጎርሱ የባሚያው ልጋግ ከሳህኑ እስከ ጣታቸው እንደ ክር ተመዘዘ። ክሩን አየት አደረጉና እንባቸውን እየጠረጉ፣ “ይቺ እኮ የፔክቲን ዘመድ ናት” አሉ።

የሟች እህት ለቅሶዋን አቋርጣ፣ “በማን በኩል?” ብላ ጠየቀች።

የመንገድ ዳሩን ፉል ሻጭ ባቢከርንም አልማሩትም። “ባቄላው ሳይበስል ሎሚ ትጨምርበታለህ? ኮምጣጣ ከቀደመው እኮ ምርጊቱ አይፈታም!”

“ኡስታዛ፣ እኔ የምሸጠው ፉል ነው። ቤት አላፈርስም” አላቸው።

ያለውን አለ እንጂ ከዚያ ወዲህ ሎሚውን የሚጨምቀው ሳህኑ ላይ ነው። ፉሉም ቅቤ ሆኗል።

እህቴ ሪሃብ ስታገባ ደግሞ የእኛ ተራ ደረሰ። በእኛ አገር በሠርጉ ማግስት የሙሽራይቱ ቤት ለሙሽራው ቤት ቁርስ ይልካል። ስሙ ቁርስ ይሁን እንጂ ፈተና ነው። ድስቱ ሁሉ ተከፍቶ ይቀመሳል፤ የሙሽራይቱም ስም እዚያው ይወጣል ወይም ይወድቃል። ፈታኟ የሙሽራው አክስት ሐጃ አለዊያ ናቸው። ማርማላታ ሲቀርብላቸው ከመቅመሳቸው በፊት ሳህኑን ዘንበል ያደርጋሉ። ከፈሰሰ፣ “ሾርባ ነው እንዴ?” ይላሉ። የሙሽራው ታላቅ ወንድም ሚስት አራስ ሆና ተነሥታ፣ ልጅ አሳድጋ፣ እስከ ዛሬ “የሾርባዋ” እየተባለች ትጠራለች።

ማርማላታው የእኔ ድርሻ ነበር። ለእህቴ ነውና ከጓሯችን ለስላሳውን፣ ቢጫውን፣ ሽታው መንገደኛ የሚያስቆመውን ዘይቱን ብቻ ለቀምኩ። ለክብር ቀን ጥሬ ፍሬ የሚሰጥ ሰው ከሰላ አልወለደችም። ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ቀቀልኩ፣ አማሰልኩ። አልረጋም። ስኳር ጨመርኩበት። አሁንም አልረጋም። እናቴ ወደ ድስቱ ጎንበስ ብላ፣ “በቃ፣ ጭማቂ ነው እንበላቸው” አለችኝ። ድምፅዋ ግን የለቅሶ ነበር።

ኡስታዛ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ማማሰያውን ከእጄ ተቀብለው አነሱት፤ ማርማላታው እንደ ውሃ ተንጠባጠበ።

“ሁሉም የበሰለ ነው?”

“ምርጥ ምርጡን ነው፣ ኡስታዛ።”

“ምርጥ! ፍሬ ሲበስል እኮ ምርጊቱን ራሱ ያፈርሳል፤ የለሰለሰልሽ ለዚያ ነው። በፈረሰ ምርጊት ቤት ልትሠሪ ነው? ጥሬ አምጪ!”

“ለሙሽራ ቁርስ ጥሬ?” እናቴ በሩን ዘጋችው። “ቀስ በይ ቡሰይና፣ ሰው ቢሰማስ!”

“ማን ይናገራል?” አሉ ኡስታዛ።

እናቴና እኔ ተያየን። ይህን ጥያቄ መጠየቅ የማይገባው አንድ ሰው ከሰላ ውስጥ ቢፈለግ እሳቸው ነበሩ።

ግን ምን ምርጫ አለን? አረንጓዴውን ዘይቱን ከነልጣጩ ከትፈን ቀቀልን፣ ውሃውን አጠለልን፣ ከበሰለው ጋር ቀላቅለን ሎሚ ጨመቅንበት። “ስኳሩ የፔክቲኑን ክሮች ውሃ ይወስድባቸዋል” አሉ ኡስታዛ እያማሰሉ። “ሎሚው ደግሞ የክሮቹን ጠብ ያበርዳል። ያኔ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ።” እውነትም ሲቀዘቅዝ ተያያዙ። ልጄ በጣቷ ነካ ስታደርገው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልፈሰሰም።

በማግስቱ ከኡስታዛ ጋር ሆነን ቁርሱን ሙሽራው ቤት አደረስን፤ ሐጃ አለዊያም ሳህኑን ዘንበል አደረጉ። ንቅንቅ የለም። ጭራሹን ገለበጡት። ማርማላታው ሳህኑን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ።

“ሱብሃነላህ! ምን ጨምራችሁበት ነው?”

ኡስታዛ አፋቸውን ከፈቱ። እናቴ የቶቧን ጫፍ ነከሰች። እኔ በልቤ የሪሃብን አዲስ ስም መገመት ጀመርኩ፦ “የጥሬዋ”።

ኡስታዛ አፋቸውን መልሰው ዘጉ። “እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሐጃ” አሉ። “የእጃቸው ሙያ ነው።”

የዋጡት ትምህርት በጉሮሯቸው ሲወርድ በዓይኔ አየሁት። ለሟች ያልታገሡትን ለእህቴ ስም ታገሡ። አላስቻለኝም።

“ጥሬ ዘይቱን ነው!” አልኩ ጮክ ብዬ። “ያረጋው ጥሬው ነው። ለምን እንደሆነ አስተማሪዬን ጠይቁ። እንደሳቸው ያለ በእናንተ ሰፈር የለም!”

ሐጃ አለዊያ ሳህኑን አዩ፣ ኡስታዛን አዩ፣ እንደገና ሳህኑን አዩ። “ጥሬ?” አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። “እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምርጥ ምርጡን ስለቅም… ለካ የእኔም እምቢ የሚለኝ ለዚህ ኖሯል!” ከዚያ ከተቀመጡበት አልጋ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። “ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።”

ኡስታዛ ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ወጡ። እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ በእሳቸው ክፍል የኋላ ወንበር ሰው ነበርኩ። ያን ቀን ግን ልጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ከሁሉም ፊት ተቀመጥኩ።