ምልክት የሌለው ብር

ከመንግሥት የሚመጣ ገንዘብ ድሮ ክብር ነበረው። ቼክ ሆኖ፣ ስምዎ በቀለም ተጽፎበት፣ ማኅተም አርፎበት፣ በሁለት ሰው ፊርማ ታጅቦ ይመጣ ነበር። እንዲህ የመጣ ገንዘብ የማን እንደሆነ ማን ይጠይቃል? የአሁኑ ግን ሳያንኳኳ ስልክ ውስጥ ይገባል።

እኔ ሞላሌ ላይ ገብስና የበግ ጠጉር ባና የምነግድ ሰው ነኝ። ለመሥሪያ ቤቶች ስሸጥ ከዋጋው ላይ ቅድሚያ ግብር ይቆረጣል፤ ዓመቱ ሲታሰብ ከሚገባኝ በላይ ከፍዬ ከተገኘሁ ትርፉ ይመለስልኛል። ያን ዓመትም የሚመለስልኝ ነበረ። ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ብቅ እያልኩ ቼኬ ደርሷል ወይ እላለሁ፤ አልደረሰም እባላለሁ። ግብር በባንክ ክፈሉ ከተባልን ወዲህ እዚያ የምትሠራው ልጅ የሒሳብ ቁጥሬን ወስዳ ነበር። ታዲያ መክፈያው መቀበያም ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? መንግሥት በወሰደበት መንገድ ሲመልስ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ገበያ መሐል ስልኬ ጮኸ። ባንክ ያለኝን እስከ ሳንቲሙ አውቀዋለሁ፤ መልእክቱ ከማውቀው በብዙ ይበልጣል። ከማን እንደመጣ ግን አይልም። ባንክ ብሄድ ገንዘብ ያዡ ሲስተም የለም፣ ሰኞ ይምጡ አለኝ። እስከ ሰኞ የሰው ገንዘብ አቅፌ ልደር? ንግዴ የቆመው ሚዛኑ አይሰርቅም በመባሉ ነው። ባለቤቱ ቀድሞ ደርሶ ሸሸገብኝ ቢል፣ ከዚያ በኋላ ከእኔ ገብስ የሚገዛ ይገኛል?

እኛ አገር የጠፋ በግ ያገኘ ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ ያስለፍፋል። የጠፋበትም የጆሮውን ምልክት ተናግሮ ይወስዳል። እኔም ለመምሬ ደስታ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ገንዘብ የጠፋበት ሰው ምልክቱን ተናግሮ ከአያ ወልዴ ይውሰድ ብለው ለፈፉልኝ። ስልክ ውስጥ የገባ ብር ጆሮ እንደሌለው ትዝ ያለኝ ከተለፈፈ በኋላ ነው።

ሰው ሳይበተን ጎረቤቴ አያ ሽፈራው መጣ። መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ብር ጥሎ ነበር። ምልክቱስ ስለው፣ መቶ መቶ ኖት ሆኖ በላስቲክ የታሰረ አለኝ። ወንድሜ፣ ይሄ በአየር የመጣ ነው፣ ላስቲክ የለውም አልኩት። መንገድ ላይ ተፈትቶ ይሆናላ አለኝ። መቼ ነው የጣልከው ስለው፣ ትንሽ አሰበና በደርግ ጊዜ አለ።

ሰኞ ሲስተሙ መጣና ገንዘቡ የተላከው ከገቢዎች መሆኑ ታወቀ። እዚያ ስሄድ ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቃታት። አባባ፣ የእርስዎ ተመላሽ ነው እኮ፣ ቼክ ቀርቷል አለችኝ። ስመላለስ ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ የጠየቁኝ ቼክ ደርሷል ወይ ብለው ነው፤ ቼክ ደግሞ አልደረሰም አለች። አልዋሸችም።

የተለፈፈ ነገር ግን እንዲሁ አይተውም። በሚቀጥለው እሑድ ባለቤቱ ተገኝቷል ብዬ ቆምኩ። ማን ነው ሲሉኝ፣ እኔ ነኝ አልኩ። ደጀ ሰላሙ በሳቅ ፈረሰ። አያ ሽፈራው ብቻ አልሳቀም፤ ለራስ ሲሆን ምልክት አይጠየቅም ወይ ብሎ ተነሣ። የሆነውን ሁሉ ከነቼኩ ዘርዝሬ ተናገርኩ፣ ገንዘቡም የእኔ መሆኑ ጸና።

እንደጸና መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ንብረቱ የተገኘለት ሰው ለአግኚው ወሮታ መክፈል እንዳለበት አስታወሱኝ። አግኚውም እኔው ነኝ አልኳቸው። ሰው ለራሱ ወሮታ ሲከፍል አላየንም፣ እንግዲያው ለለፈፈው ደብር ይሁን፣ ጣራውም ያፈሳል አሉ። ሽማግሌዎቹ ያላንዳች ክርክር ተስማሙ፤ በድንበር ጉዳይ እንዲህ ቢስማሙ ኖሮ ስንት ዳኛ ባረፈ። ለመከራከሪያ ጊዜ እንዳገኝ ብዬ፣ ሰሞኑን በጥሬው አመጣለሁ አልኩ። መምሬ ደስታ አይድከሙ ብለው ከቀሚሳቸው ኪስ ስልካቸውን አወጡና የደብሩን የሒሳብ ቁጥር አነበቡልኝ።

መንግሥት የእኔን እስኪመልስ ክረምቱም በጋውም አልፎበታል። ወሮታውን እንድልክ ለእኔ የተሰጠኝ ቀጠሮ ግን እስከ ሰኞ ረፋድ ነበር።