በረዶ የዘለለው አያ ዋኘው

ዘመድ ሳይሰማ ከሐዘን ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ ከተጎዳው ሰው ፊት ቆሞ «እግዜር ነው» እያለ የሚያስተምር ሰው የሌለበት ደብር አለ የሚል ካለ ውሸቱን ነው። ከደባርቅ በላይ ባለው ደብር ይህን ሹመት ይዞ የኖረው ክቡር አያ ዋኘው ነበር። ማንም አልሾመውም፤ የሚሽረውም አልተገኘም። ቃሉ አንዲት ናት፤ «ወዶህ ነው!» ሴት ከሆነች ደግሞ «ወዶሽ ነው!»

ዳኛው የሚባል ገበሬ ጎጆው ተቃጥሎ ገና እየጤሰ ሳለ አያ ዋኘው ከአመዱ መካከል ቆሞ ተገኘ። «ወዶህ ነው፣ ዳኛው! ልጁን የማይቀጣ አባት የታለ? እስቲ አስብ፣ ምን አጉድለህ ነበር?» ዳኛው ዱላ አነሳ፤ ሰው ገላገለ። የይመኙሽ ላም ገደል ስትገባም እታች ድረስ ወርዶ የሬሳዋን ቀንድ ሲዳስስ ዋለ።

እንደ ትርንጎ አምርሮ የጠላው ግን የለም። አምና ባሏ አለነ በንዳድ ሲሞት፣ ሬሳው ሳይነሳ ገባና «ወዶሽ ነው» አላት። እሱስ ልማዱ ነው። ቀጥሎ ከመደቡ አጠገብ ተንበርክኮ አየሩን አሸተተ። «በስንት ሰዓት ነበር? በየት በኩል ገባ?» ብሎ ጠየቃት፣ የሰው ቤት እንደሚያፈላልግ እንግዳ። ትርንጎ አማተበች። ዛሬም ትዝ ሲላት ታማትባለች።

ደግሞስ የሰውየው ነገር መች ጤና ይመስላል! ጣልያን መንደሩን ሲያቃጥል እሳቱ የሱ አጥር ድረስ መጥቶ ተመለሰ። የከብት በሽታ በረቱን ሁሉ ሲያራቁት የሱ በሬዎች እያመነዠኩ ያዩ ነበር። ጣልያን በወጣ በስድስተኛው ዓመት፣ ከአዲ አርቃይ ገበያ ሲመለስ የተሳፈረባት ማኪና ሊማሊሞ ላይ ተገለበጠች፤ ሰው ሁሉ ሲሰባበር አያ ዋኘው አሞሌ ጨውን እንዳቀፈ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። አሞሌዋ እንኳ አልተሸረፈችም። ሰባት ወልዶ ሰባቱንም ዳረ፤ የሚስቱ የእንኳየሁ ጥርስ እንኳ አንድ አልጎደለም። «ዛር ቢኖረው ነው» እያለ የሚያማው ብዙ ነበር።

በመስከረም ማለቂያ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረዶ ወረደ። ሲያባራ ትርንጎ ወጣች። ለአራት ልጆቿ ቀለብ ያለችው ገብስ መሬት ላይ ተኝቷል፤ እርሻው ነጭ ሆኗል። በረዶው እስከ ድንበሩ ድንጋይ ድረስ መጥቶ እዚያ ላይ ቆሟል፣ በገመድ ለክተው ያስቀመጡት ይመስል። ከድንጋዩ ወዲያ የአያ ዋኘው ገብስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጠብታ አልነካውም። በዚያ ሁሉ አገር አንዲት ወፍ አትጮህም።

ከእርሻዋ መሐል አያ ዋኘው ነበር። በሁለት እጁ በረዶ እየዛቀ ጋቢው ላይ ይከምራል፤ ተሸክሞ ይሄድና የገዛ ገብሱ ላይ ይደፋዋል። ገብሱ ጎንበስ ይላል። መልሶ ቀና ይላል። ይመለስና ሌላ ይዝቃል።

«አያ ዋኘው! ምነው፣ አበድክ እንዴ?»

ቀና ሲል እያለቀሰ ነው። «ትርንጎ፣ ስድሳ ዓመቴ! አንዲት ቀን እንኳ! አባት ልጆቹን ሲገርፍ አንዱን ዘሎ የሚያልፈው ምነው? ወይ ረስቶታል፣ ወይ ልጁ አይደለም። ከሐዘን ቤት ለሐዘን ቤት የምዞረው ምን ፈልጌ ይመስልሻል? እግዜር አሁን ወጥቶ የሄደበት ቤት ስለሆነ ነዋ። ምናልባት በር ላይ ብደርስበት ብዬ ነዋ።»

ትርንጎ ይዛ የመጣችው ስድብ ሁሉ ጠፋባት። «ቆይ፣ እኔ አስበላልሃለሁ» አለችና ሁለት ላሞቿን ፈትታ ወደ ገብሱ ነዳቻቸው። የተራቡ ላሞች ናቸው። ድንበሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ብትገፋቸው፣ ብትመታቸው፣ ጸጉራቸው ቆሞ ወደ ኋላ ይላሉ። አያ ዋኘው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

በሳምንቱ ትርንጎ ከነጓዟ ደጁ ደረሰች፤ አራት ልጆች፣ ሁለት ላሞች፣ አንድ ውሻ፣ ከደብሩ ሰው ሁሉ ጋር የተጣሉት አማቷ እሜቴ ሽታዬ።

«በረዶው ዘሎሃል» አለችው። «እኛ ግን አንዘልህም። የሚመጣው መኸር እስኪደርስ እዚሁ ነን፤ እህልህን እንበላለን።»

አያ ዋኘው መቃኑን ያዘ። «ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። እሜቴ ሽታዬማ ብቻቸውን የሁለት ሰው ነው የሚበሉት።»

በሉ። ልጆቹ በሉ፤ እሜቴ ሽታዬ እየተራገሙ በሉ። ጎተራው ግን በጥር ሙሉ፣ በሚያዝያም ሙሉ። ትርንጎ እጇን በሰደደች ቁጥር እህሉ እዚያው አፉ ላይ ይጠብቃታል። ፈራች፤ ቢሆንም መስፈሯን አልተወችም። በሰኔ አንድ ቀን እጇ ወረደ፣ ወረደና የጎተራውን ወለል ነካ።

ከሳምንት በኋላ፣ በጧት፣ አያ ዋኘው እርሻዋ ድረስ እየሮጠ መጣ። ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ዓይኑ ግን ያበራል።

«ትርንጎ! ኧረ ትርንጎ! ራበኝ እኮ!»

እሷም ሆዷ ባዶ ነበር። ይህን ሽማግሌ ምን ያህል እንደወደደችው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። መቆፈሪያዋን ጣል አድርጋ እጁን ያዘችው።

«ወዶህ ነው፣ አያ» አለችው።