አቶ ይጎድላል

ተሽከርካሪ የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ አቶ ይጎድላል አሉ። ሹም ይሻራል፣ ቅጽ ይቀየራል፣ መስኮት ይዘጋል፤ እሳቸው ግን ከበሩ በስተቀኝ ካለው አግዳሚ ንቅንቅ አይሉም። ደመወዝ የላቸውም። ማኅተም የላቸውም። መኪናማ ጭራሽ የላቸውም። ወረቀትዎን አቅፈው ሲያልፉ በሁለት ጣታቸው ይጠሩዎትና፣ «እስቲ ይንገሩኝ፣ ምን ምን ይዘዋል?» ይላሉ። ይቆጥሩላቸዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና ያቺን የተረገመች ፍርድ ይሰጣሉ፦ «አንድ ነገር ይጎድላል።»

እርስዎም «ምን አባታቸው ያውቃሉ!» ብለው ሰልፍ ይይዛሉ። አንድ ሰዓት ይቆማሉ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አንድ ነገር ይጎድላል» ትላለች። የሚገርመው ያን ጊዜ የሚጠሉት እሷን አይደለም፤ እሳቸውን ነው።

አንድ ባለ ቦቴ፣ ቀኑን አስነግረው የእሳት ማጥፊያህ ጊዜው አልፏል ቢሉት፣ «እኔ የምጭነው ውኃ ነው!» ብሎ ጮኸባቸው።

«ውኃውማ አይቃጠልም» አሉት፤ «ለአንተ ነው።»

ሌላው አዲስ ሙሽራ ነበር፤ የጭነት መኪናውን ሊሸጥ መጥቷል። «የባለቤትህ ፊርማስ?» አሉት።

«እሷን ደሞ ምን አገባት?»

«አንተን አገባቻ!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሙሽራው ግን ሚስቱን ሊያመጣ ሲሮጥ በሩ ጠበበው። እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ የእኔ ተራ እስኪደርስ ድረስ።

እህቴ የከባድ መኪና ሾፌር ናት። ባሏ በሕይወት ሳለ ተፈራርቀው ይነዱ ነበር። እሱ ሲሞት ሊብሬው በስሙ ስለነበረ መኪናው አራት ወር ግቢ ውስጥ ቆመ፤ ጎማው ሥር ሣር በቀለ። ሁለት ልጆቿ የሚተዳደሩት በዚያ መኪና ነው። የወራሽነቱን ወረቀት እንደምንም ጨርሰን፣ ስሙን ልናዞር መኪናውን ወደ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ይዘን መጣን። መርማሪው ከሥሩ አጎንብሶ የሻንሲ ቁጥሩን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ሊብሬው ላይ የመጨረሻው ቁጥር ስምንት ነው። ብረቱ ላይ ሦስት። ይሄ ሌላ መኪና ነው፤ ይታገዳል።»

እህቴ አላለቀሰችም። ጋቢናውን ተደግፋ መሬት መሬት ታይ ጀመር። ባሏን የቀበርን ዕለት እንኳ እንደዚያ ሆና አላየኋትም።

ወሬው አግዳሚው ጋ ሲደርስ ክቡርነታቸው ተነሡ። ሲነሡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። የመኪናውን ጎን በመዳፋቸው እየዳሰሱ መጡና፣ «ማነው ያነበበው?» አሉ።

«መርማሪው።»

«በምን?»

«በዓይኑ ነዋ፣ ጋሼ!»

«ዓይን!» አሉ፣ የአንድ የታወቀ ውሸታም ስም እንደተነሣባቸው ሁሉ። ኮታቸውን አውልቀው በወጉ አጠፉና ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ በጀርባቸው ተኝተው ከመኪናው ሥር ገቡ። እኔም የስልኬን መብራት አብርቼ ተከተልኳቸው።

«አጥፋው ልጄ፤ ለእኔ አይፈይድም።»

ያኔ ገባኝ። አመልካች ጣታቸው ብረቱ ላይ ከቁጥር ወደ ቁጥር በቀስታ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ ቆመ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ቆመ።

«ናፍጣና የሽቦ ብሩሽ!» አሉ።

እህቴ ሮጣ አመጣች። ሲፈገፍጉ ዝገቱ ጢማቸው ላይ ይረግፋል። አሁንም ዳሰሱ። «ስምንት ናት! ግራ ጎኗን ዝገት ሞልቶባት ነው እንጂ።» ወረቀት ደርበው በእርሳስ ሲያጠቁሩበት ስምንት ቁጥር ወለል ብላ ወጣች። መርማሪው ራሱ ተንበርክኮ አየ፤ ላቡን ጠረገና ፈረመ።

መስኮቱ ጋ ጸሐፊዋን ስለ እሳቸው ጠየቅኋት። «አታውቅም እንዴ?» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ። «ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተዋል። መንጃ ፈቃድ ሊያሳድሱ መጥተው የዓይን ምርመራው ጣላቸው። በማግስቱ ተመልሰው መጡ። ምን ፈለጉ ስንላቸው፣ ‹ከሩቅ ነድቶ መጥቶ በአንዲት ወረቀት የሚመለስ ሾፌር ያሳዝነኛል› አሉ። ይኸው ስድስት ዓመታቸው።»

አንገቴን ደፋሁ። እህቴ ግን አዲሱን ሊብሬ ደረቷ ውስጥ ከታ ወደ እሳቸው ሄደች።

«ጋሼ፣ ይውጡ። ቤትዎ ላድርስዎ።»

ጋቢናው ከፍ ያለ ነው፤ ልደግፋቸው ተጠጋሁ። አላስፈለገም። እጃቸው መያዣውን ሳይፈልግ አገኘው፤ እግራቸው መርገጫውን ያውቀዋል። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ክንዳቸውን አወጡ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር፣ «ሦስተኛ አግቢ፣ ልጄ» አሉ።

እህቴ በማርሽ ጉዳይ ሰው እንዲያዛት አትወድም፤ ከባሏ ጋር የተጣሉት ሁሉ በዚሁ ነበር። ሦስተኛ አገባች።

ብዙ ከሄድን በኋላ፣ «ጋሼ፣ ቤትዎ በየት በኩል ነው?» አለች።

«አልፈነዋል።»

«መቼ?»

«ቆየ» አሉ፣ ፊታቸውን ለነፋሱ እንደሰጡ።

እህቴ በመስተዋት የኋላውን መንገድ አየች። እኔን አየችኝ። ዙሪ አላልኳትም። አራተኛ አስገብታ ቀጥ ብላ ነዳች።